ሸክላውና ሊጡ የሚገናኙበት ወሰን

በትምህርት ክፍሎቻችን የተፈጥሮን ክስተቶች የምንማረው ለየብቻቸው ነው። ሙቀት በጠጣር አካል ውስጥ እንዴት እንደሚተላለፍ በአንድ ኮርስ፣ ፈሳሽ እንዴት እንደሚፈስ በሌላ ኮርስ፣ የአካላት መለጠጥና መታጠፍ ደግሞ በሦስተኛው ይሰጣል። እያንዳንዱ የራሱ እኩልዮሽ፣ የራሱ መማሪያ መጽሐፍ፣ አብዛኛውን ጊዜም የራሱ የኮምፒዩተር ፕሮግራም አለው። ተፈጥሮ ግን በኮርስ የተከፋፈለች አይደለችም። ደም የሥሩን ግድግዳ ሳይገፋ አይፈስም፤ ግድግዳውም የደሙን መንገድ ሳይለውጥ አይለጠጥም። የወንዝ ውኃ ወደ ከርሰ ምድር ይሰርጋል፤ የከርሰ ምድሩ ውኃ በተራው በበጋ ወንዙን ይመግባል። እንዲህ ያሉት ችግሮች «የተጣመሩ» ይባላሉ። የአንዱን ወገን መልስ ለማግኘት የሌላውን መልስ ማወቅ ግድ ይሆናል፤ የሌላውን ለማወቅም የመጀመሪያውን።

እነዚህን ችግሮች በኮምፒዩተር ለመፍታት በሰፊው የሚታወቁ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው የሁለቱን ወገኖች እኩልዮሾች በአንድ ትልቅ ሥርዓት ውስጥ አስገብቶ በአንድ ጊዜ መፍታት ነው። ሁለተኛው ክልሉን ከፋፍሎ፣ እያንዳንዱን ክፍል በየራሱ ፕሮግራም እየፈቱ፣ በመገናኛው ወሰን ላይ ብቻ መረጃ እያለዋወጡ ሁለቱ እስኪስማሙ ድረስ መመላለስ ነው። በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ስለ ሁለተኛው መንገድ ነው። የማነሣውም እንደ አንድ ስልት ባለሙያ ብቻ ሳይሆን፣ የስሌቱን ውጤት ተቀብላ ገንዘቧን ልታወጣበት የተዘጋጀች ሰው ፊት የቆመ ተማሪ ሆኜ ነው።

የጥናት ርእሴ የኤሌክትሪክ ምጣድ ነበር። ምርጫው ለአንዳንዶች ቀላል መስሎ ታይቷል። ነገር ግን የኤሌክትሪክ ምጣድ በአብዛኛው ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት የሚስብ፣ በቤታችን ካሉት ዕቃዎች ሁሉ ኃይል በመፈለግ ቀዳሚውን ስፍራ የሚይዝ መሣሪያ ነው። በሸክላው ሥር በተቀረጸ ቦይ ውስጥ የተዘረጋው ሽቦ ይግላል፤ ሙቀቱ በሸክላው አልፎ ሊጡ ዘንድ ይደርሳል፤ ሊጡ ይፈላል፣ እንፋሎቱ ዓይን እያወጣ ይሄዳል፤ ከላይ አክንባሎው ይከድነዋል። በሸክላው ውስጥ ያለው ችግር ተራ የሙቀት መተላለፍ ነው። በሊጡ ውስጥ ያለው ግን ሙቀት፣ እርጥበት፣ መፍላትና የስታርች መብሰል የተደራረቡበት ነው። የሸክላውን ፕሮግራም የጻፍኩት እኔ ስሆን፣ የሊጡን ደግሞ ከምግብ ምህንድስና የመጣች ባልደረባዬ ናት። ሁለቱን ፕሮግራሞች አፍርሶ አንድ አድርጎ እንደገና ለመጻፍ ጊዜም አቅምም አልነበረንም። ስለዚህ ተከፋፍሎ ማስላትን የመረጥነው በሒሳቡ ውበት ተማርከን ሳይሆን፣ በአብዛኞቹ የምርምር ቡድኖች እንደሚሆነው ሁሉ፣ ሥራውም ሰዎቹም አስቀድመው የተከፋፈሉ ስለነበሩ ነው።

ጥያቄው የመጣው ምጣድ ሠርተው ለገጣጣሚዎች ከሚያስረክቡ አንዲት ሸክላ ሠሪ እናት ነው። ገጣጣሚዎቹ ቀጠን ያለ ምጣድ እንዲሠሩላቸው ይጠይቋቸው ነበር፤ ቶሎ እንደሚሞቅና ኤሌክትሪክ እንደሚቆጥብ በማመን። እሳቸው ግን አልተዋጠላቸውም። «ልጄ፣ ቀጭን ምጣድ ቶሎ ይሞቃል፤ ሊጥ ሲያርፍበት ግን ይደነግጣል» አሉኝ። ቅርጽ ማውጫውን ከመቀየራቸውና አዲስ ጭቃ ከማስመጣታቸው በፊት የስሌታችንን ቃል ሊሰሙ ፈለጉ። እንግዲህ 20 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ምጣድ 10 ቢሆን፣ 5 ቢሆን ምን ይከተላል? ጥያቄው ይህ ነበር።

የሽዋርትዝ መንገድ

ክልልን ከፋፍሎ የማስላት ሐሳብ ከኮምፒዩተር በፊት የተወለደ ነው። በርንሃርድ ሪማን በአንድ ክልል ውስጥ የላፕላስ እኩልዮሽ መልስ እንዳለው ለማሳየት የተጠቀመበት መርሕ፣ ዝቅተኛ ኃይል ያለው ፈንክሽን ምንጊዜም ይገኛል የሚል ነበር። ካርል ቫየርሽትራስ እ.ኤ.አ. በ1870 ዝቅተኛው መጠን የማይደረስበት ምሳሌ በማቅረብ የመርሑን መሠረት አናጋ። በዚያው ዓመት፣ በዙሪክ ያስተምር የነበረው ተማሪው ሄርማን ሽዋርትዝ ሌላ መንገድ አሳየ። መልሱ በክብ ውስጥ እንዳለ ይታወቃል፤ በአራት ማዕዘንም ውስጥ እንዲሁ። ታዲያ ክብና አራት ማዕዘን በከፊል ተደራርበው የሚሠሩት ቅርጽ ቢሰጠንስ? ሽዋርትዝ መጀመሪያ በክቡ ውስጥ ይፈታል፤ ካገኘው መልስ በአራት ማዕዘኑ ጠርዝ ላይ ያረፈውን ይወስድና በአራት ማዕዘኑ ውስጥ ይፈታል፤ ከዚያም ወደ ክቡ ይመለሳል። መመላለሱ ወደ አንድ መልስ እንደሚያደርስ አረጋገጠ። ዓላማው ማስላት ሳይሆን መልሱ መኖሩን ማስረዳት ነበር። በ1980ዎቹ ብዙ ፕሮሰሰሮችን አጣምረው የያዙ ኮምፒዩተሮች ሲስፋፉ ግን የሒሳብ ሊቃውንት ወደዚህ አሮጌ ማስረጃ ተመልሰው የስሌት ስልት አደረጉት።

የሽዋርትዝ መንገድ ግን ለእኛ ችግር እንዳለ አይሠራም። ስልቱ የሚያርፈው በመደራረብ ላይ ነው፤ ሁለቱ ክልሎች የሚጋሩት መሬት በሰፋ ቁጥር ስምምነቱ ይፈጥናል፤ መደራረብ ከሌለ ደግሞ ጨርሶ ወደፊት አይራመድም። ሸክላና ሊጥ አይደራረቡም። በአንድ ጊዜ ሸክላም ሊጥም የሆነ ነጥብ የለም። የሚጋሩት አንድ ገጽ ብቻ ነው፤ በዚያ ገጽ ላይም ተፈጥሮ ሁለት ሕግ ታስከብራለች። አንደኛው፣ የሁለቱ ወገኖች ሙቀት መጠን እኩል መሆን አለበት። ሁለተኛው፣ ከሸክላው የወጣው የሙቀት ፍሰት ወደ ሊጡ ከገባው ጋር እኩል መሆን አለበት። አንዱ ሕግ ብቻውን አይበቃም። ሁለቱም ፕሮግራሞች የሙቀት መጠን ብቻ ቢለዋወጡ፣ ስለ ፍሰት የሚናገር አይኖርምና የተሳሳተ ግምት ሳይነካ ይቀራል።

ስለዚህ ሥራው ይከፋፈላል። አንደኛው ወገን የወሰኑን ሙቀት መጠን ተቀብሎ ፍሰቱን ያሰላል፤ ሌላኛው ፍሰቱን ተቀብሎ አዲስ የሙቀት መጠን ይመልሳል። የሙቀት መጠንን የሚደነግገው ወሰን በዲሪክሌት፣ ፍሰትን የሚደነግገው በኖይማን ስም ስለሚጠራ፣ ልውውጡም የዲሪክሌትና ኖይማን ስልት ይባላል። እዚህ ላይ የሚነሣው ጥያቄ ማን ምን ይቀበል የሚል ነው። ሲሰሙት የአሠራር ዝርዝር ይመስላል። የጥናታችን ዕጣ የተንጠለጠለው ግን በእርሱ ላይ ነበር።

አንድ በእጅ የሚሠራ ስሌት

ነገሩን ለማየት ትልቅ ኮምፒዩተር አያስፈልግም። ወረቀትና እርሳስ ይበቃል። ሊጡ ገና የሚፈላ ቀጭን ንጣፍ፣ ሸክላውም ወፍራም ንጣፍ ነው እንበል፤ ጊዜንም ለአፍታ እንርሳው። የሸክላው ሙቀት የማስተላለፍ አቅም በተጠጋጋ ቁጥር 1 ዋት በሜትር በዲግሪ፣ ውፍረቱም 20 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ንጣፉ በአንድ ካሬ ሜትርና በአንድ ዲግሪ ልዩነት 50 ዋት ያሳልፋል። አብዛኛው ውኃ የሆነው ሊጥ የማስተላለፍ አቅሙ 0.6፣ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ 200 ዋት ያሳልፋል። የሸክላው ሥር 212 ዲግሪ፣ የሊጡ ላይ ደግሞ 92 ዲግሪ ይሁን፤ አዲስ አበባን በመሰለ ከፍታ ላይ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነውና። ሁለቱ ፍሰቶች እኩል የሚሆኑት ወሰኑ 116 ዲግሪ ሲሆን ነው። በሸክላው በኩል 50 በ96 ሲባዛ 4,800፤ በሊጡ በኩል 200 በ24 ሲባዛ 4,800።

አሁን መልሱን እንዳላወቅን ሆነን ከ136 ዲግሪ እንጀምር። መጀመሪያ ሸክላው ሙቀት መጠን ይቀበል፣ ሊጡ ፍሰት ይቀበል። ሸክላው 3,800 ዋት እሰጣለሁ ይላል፤ ሊጡም በዚህ ፍሰት ወሰኑ 111 ዲግሪ ይሆናል ሲል ይመልሳል። በሚቀጥለው ዙር 117.25፣ ከዚያ 115.69 ይሆናል። ስሕተቱ ከ20 ወደ 5፣ ከ5 ወደ 1.25፣ ከዚያም ወደ 0.31 ወረደ። በየዙሩ ሩብ እየሆነ ነው፤ ሩቡም የመጣው ከ50ና ከ200 ንጽጽር ነው።

ቦታቸውን እንለዋውጣቸው። ሊጡ ሙቀት መጠን ይቀበል፣ ሸክላው ፍሰት ይቀበል። ከ136 ስንነሣ ሊጡ 8,800 ዋት እፈልጋለሁ ይላል፤ ሸክላውም ይህን ያህል ካስወጣሁ ወሰኑ 36 ዲግሪ ይሆናል ይላል። በሁለተኛው ዙር ወሰኑ 436 ዲግሪ ይደርሳል። በሦስተኛው ከዜሮ በታች 1,164 ዲግሪ ይሆናል። ተፈጥሮ ከዜሮ በታች ከ273 ዲግሪ ገደማ የሚያንስ ቅዝቃዜ አታውቅም። ሸክላው ያው ሸክላ፣ ሊጡ ያው ሊጥ፣ ሁለቱም ፕሮግራሞች ያለ እንከን የሚሠሩ ናቸው። የተለወጠው ማን ምን ይቀበል የሚለው ብቻ ነው።

ደንቡ እንግዲህ ይህ ነው፤ ሙቀት መጠን የሚሰጠው ሙቀትን እምብዛም ለማያሳልፈው ወገን፣ ፍሰት የሚሰጠው ይበልጥ ለሚያሳልፈው ወገን ነው። በዘርፉ ጽሑፎች ውስጥ ግን ደንቡ ብዙ ጊዜ በሌላ ልብስ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1997 ማይክል ጋይልስ የፈሳሽና የጠጣር ሙቀት ልውውጥ ስሌትን መረጋጋት መርምሮ፣ ፈሳሹ ሙቀት መጠን፣ ጠጣሩ ፍሰት እንዲቀበል መከረ። ምክሩ ለታለመለት ነገር ትክክል ነው። አየርና ብረት ሲገናኙ ደካማው አሳላፊ አየሩ ነውና። ይህን ምክር «ፈሳሽ እንዲህ፣ ጠጣር እንዲያ» ብሎ አጥንቶ ወደ ምጣድ የሚያመጣ ሰው ግን በቀጥታ ወደ ሁለተኛው ዓምድ ይገባል። በምጣድ ላይ ደካማው አሳላፊ ጠጣሩ ነው። ከሌላ አገር ማሽን ጋር ተያይዞ የመጣ የስሌት ልማድ እዚህ ሲደርስ፣ ስሙን ሳይሆን ምክንያቱን ይዞ መምጣት እንዳለበት ያስተማረኝ ይህ ነው።

የሚዘለው ሸክላው ነው ወይስ ስሌቱ?

ወደ ሸክላ ሠሪዋ ጥያቄ እንመለስ። በትክክለኛው ቅደም ተከተል ሸክላውን እያሳነስን ብንሄድ ምን እናያለን? በ10 ሚሊ ሜትር ንጣፉ 100 ዋት ያሳልፋል፤ ንጽጽሩ ግማሽ ይሆናል፤ ስሕተቱ በየዙሩ በግማሽ ይቀንሳል። በ5 ሚሊ ሜትር ሁለቱም 200 ይሆናሉ፤ ስሕተቱ ከ20 ወደ 20 እየተገላበጠ ለዘላለም ይወዛወዛል። በ4 ሚሊ ሜትር ይፈነዳል። ባልደረባዬና እኔ ይህን የውፍረት ቅኝት ስልቱ እስከ የት እንደሚሸከመን ለማወቅ ስንል ምንም ማለዘቢያ ሳንጨምር አካሄድነው። ግራፉ በሴሚናር ላይ ሲቀርብ ከ5 ሚሊ ሜትር ወዲያ ያለው መስመር ወደ ላይና ወደ ታች ይዘል ነበር። ከተሰብሳቢዎቹ አንዱ «እንግዲህ ቀጭን ምጣድ ሙቀቱ አይረጋም ማለት ነው» አሉ። አማካሪያችን ወዲያው ወደ እኛ ዞረው «የሚዘለው ሸክላው ነው ወይስ ስሌቱ?» ሲሉ ጠየቁን።

ይህ ጥያቄ ከዚያ በኋላ ለሠራነው ሁሉ መመዘኛ ሆነ። የተሰብሳቢው አባባል ከሸክላ ሠሪዋ ጥርጣሬ ጋር መግጠሙ ነገሩን የበለጠ አሳሳቢ ያደርገዋል። «ይደነግጣል» ያሉት እናት ነበሩ፤ የእኛም መስመር የደነገጠ ይመስላል። ሁለቱን አገናኝቶ «ሳይንሱም አረጋግጧል» ማለት እንዴት ቀላል ነበር! ሆኖም መስመሩ ስለ ሸክላው የሚናገረው አንዳች ነገር አልነበረም። የሚናገረው ስለ ሁለት ቁጥሮች ንጽጽር ብቻ ነው።

ማስረጃውም በሁለት መንገድ ይገኛል። የመጀመሪያው ማለዘብ ነው። አዲሱን የሙቀት መጠን እንዳለ ከመቀበል ይልቅ፣ ከአሮጌው ተነሥቶ ወደ አዲሱ የመንገዱን የተወሰነ ክፍል ብቻ መሄድ ማለት ነው። በፈነዳው ምሳሌያችን ከ136 ወደ 36 የሚወስደውን የ100 ዲግሪ መንገድ አንድ አምስተኛውን ብቻ ብንሄድ፣ ቀጥታ 116 ላይ እናርፋለን፤ ትክክለኛው መልስ ላይ። አንድ አምስተኛው ከየት መጣ? ከንጽጽሩ ነው፤ 1 ለ1 ሲደመር 4 ሲካፈል። ንጽጽሩን አስቀድሞ የማያውቅ ደግሞ በአሌክሳንደር ኤይትክን ስም የሚጠራውን ዘዴ ይጠቀማል። ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች ብቻ፣ ማለትም 136 ወደ 36፣ 36ም ወደ 436 መሄዱን በማየት፣ ወሰኑ በ100 ዲግሪ ሲለወጥ ልዩነቱ በ500 መለወጡን ይረዳል፤ 100 ለ500 ሲካፈልም ያው አንድ አምስተኛ ነው። ፍንዳታው ራሱ መድኃኒቱን ይዞ መጥቷል። በ4 ሚሊ ሜትር ያለው ምጣድም በዚህ መንገድ ሲሰላ ጸጥ ብሎ መልሱን ይሰጣል። ሸክላው ቢሆን ኖሮ የሚዘለው፣ የእኛ ማለዘብ ሊያስቆመው ባልቻለ ነበር።

ሁለተኛው ማስረጃ ከጊዜ ይመጣል። አንድ እንጀራ የሚበስለው በሁለትና በሦስት ደቂቃ ውስጥ ነው። በ20 ሚሊ ሜትር ሸክላ ውስጥ ሙቀት ከሥር እስከ ላይ ለመዝለቅ ግን ከ10 ደቂቃ በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ ጊዜን የረሳው ስሌታችን ለመግቢያ እንጂ ለፍርድ አይበቃም። ጊዜን በአንድ ሰከንድ እርምጃ ስናስኬድ፣ በአንድ እርምጃ ውስጥ ሙቀቱ በሸክላው ከ1 ሚሊ ሜትር፣ በሊጡም ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው የሚዘልቀው። በዚህ ሰዓት የስሌት መረቡ ይህን ቀጭን ንብርብር በሚገባ እስካየ ድረስ፣ ንጽጽሩን የሚወስነው ውፍረት መሆኑ ይቀርና የማስተላለፍ አቅም፣ የክብደት እፍጋትና ሙቀት የመያዝ አቅም ተባዝተው የሚሰጡት ቁጥር ካሬ ሥር ይሆናል። ለሸክላ 1,340፣ ለሊጥ 1,590 ገደማ ብንወስድ ንጽጽሩ 0.85 ይወጣል፤ ምጣዱ 20 ሚሊ ሜትር ቢሆን 5፣ አንድ ነው። አንድን ምጣድ በአንድ ስሌት የሚያፈነዳ፣ በሌላው ስሌት ፈጽሞ የማይታይ «ባሕርይ» የምጣዱ ባሕርይ ሊሆን አይችልም።

ይህ 0.85 በራሱ ዋጋ ያስከፍላል። የ20 ዲግሪን ስሕተት ከ0.1 በታች ለማውረድ፣ ንጽጽሩ ሩብ ሲሆን 4 ዙር ይበቃል፤ 0.85 ሲሆን 33 ዙር ያስፈልጋል። 150 ሰከንድ በአንድ ሰከንድ እርምጃ ሲሰላ እያንዳንዱ ፕሮግራም 4,950 ጊዜ ይጠራል ማለት ነው። ማለዘቢያ ቁጥሩን በሚገባ መምረጥ ወይም የኤይትክንን ዘዴ መጠቀም ይህን ድካም በብዙ እጥፍ ይቀንሰዋል። ፒየር ሉዊ ሊዮንስ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመው ሥራው ያቀረበውም መንገድ አለ። በእርሱ ስልት ወገኖቹ ሙቀት መጠንን ወይም ፍሰትን ለየብቻ ሳይሆን የሁለቱን ድብልቅ ይለዋወጣሉ። የድብልቁ መጠን በጎረቤት ክልል አሳላፊነት ልክ ከተመረጠ ስምምነቱ ወዲያው ይደርሳል። ጎረቤቱ ለሚነግረው ነገር እንዴት እንደሚመልስ አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ጭቅጭቁ አጭር ነውና።

ጉዳዩ የምጣድ ብቻ አለመሆኑን ለማሳየት አንድ ምሳሌ ልጨምር። አየር በአውሮፕላን ክንፍ ዙሪያ ሲፈስ፣ ክንፉንና አየሩን በየተራ በየእርምጃው አንድ አንድ ጊዜ እየፈቱ መሄድ ብዙ ጊዜ ይሠራል። ያንኑ አሠራር በደምና በደም ሥር ላይ ሲሞክሩት ስሌቱ ይፈነዳል፤ የጊዜውን እርምጃ ማሳነስም አያድነውም። ፓኦላ ካውሲን፣ ዣን ፍሬደሪክ ዠርቦና ፋቢዮ ኖቢሌ እ.ኤ.አ. በ2005 ምክንያቱን በቀላል ሞዴል አብራሩት። የአንድ ኪዩቢክ ሜትር አየር ክብደት 1.2 ኪሎ ግራም ገደማ ሲሆን የደም ግን 1,060 ያህል ነው፤ ይህም ከሥሩ ግድግዳ እፍጋት ጋር የተቀራረበ ነው። ግድግዳው ሲንቀሳቀስ የሚገፋው ደም እንደ ተጨማሪ ክብደት ይጫነዋል፤ ይህ ጭነት ከግድግዳው ክብደት ጋር ሲወዳደር ሲገዝፍ በየተራ የመፍታት ስልት ይሰበራል። እዚህም ፍርዱን የሚሰጠው ንጽጽር ነው። እዚህም በሐኪም ፊት የሚቀርብ የሚወዛወዝ መስመር የታማሚው ልብ ምት ይሁን የስሌቱ መለየት አለበት።

ተስማማን ማለት ምን ማለት ነው?

ሌላው ያሳሰበን ነገር ስሌቱ መቼ ይቁም የሚለው ነው። የተለመደው አሠራር በሁለት ተከታታይ ዙሮች መካከል ያለው ለውጥ ሲያንስ ማቆም ነው። ይህ መመዘኛ ግን ሊያታልል ይችላል። በመጀመሪያው ምሳሌ የመንገዱን አንድ መቶኛ ብቻ በየዙሩ የሚሄድ ጥንቁቅ ማለዘቢያ ብንመርጥ፣ ከ136 ዲግሪ ስንነሣ የመጀመሪያው ለውጥ ሩብ ዲግሪ ብቻ ይሆናል። ከግማሽ ዲግሪ በታች ሲሆን ቁም ተብሎ የታዘዘ ፕሮግራም እዚያው ይቆማል፤ መልሱ ገና 20 ዲግሪ ርቆ ሳለ። በዚያ ሰዓት ሸክላውን ብንጠይቀው 3,800 ዋት ሰጥቻለሁ ይላል፤ ሊጡን ብንጠይቀው 8,800 ተቀብያለሁ ይላል። የ5,000 ዋት ልዩነት በካሬ ሜትር! መንገደኛው የቆመው ደርሶ ሳይሆን በጣም ቀስ ብሎ ስለሚሄድ ነው። ስለዚህ ባልደረባዬና እኔ አንድ ስምምነት አደረግን። ከማናችንም ፕሮግራም የሚወጣ ግራፍ፣ ከጎኑ የሁለቱ ወገኖች ፍሰት ሒሳብ ካልታተመ አይታይም።

ይህ ስምምነት ሌላም ነገር ገልጦልናል። የእኔ የስሌት መረብ ሰፋፊ ዐይን ነበረው፤ የእርሷ ደግሞ እንፋሎቱን ለመከታተል የጠበበ። የሙቀት መጠንን ከአንዱ መረብ ወደ ሌላው ማሸጋገር አማካይ እንደመውሰድ ቀላል ነው። ፍሰትን ግን እንዲሁ በግምት ማሸጋገር በወሰኑ ላይ ሙቀት እንዲጠፋ ወይም ከምንም እንዲፈጠር ያደርጋል። ክርስቲን በርናርዲ፣ ኢቮን ማዴና አንቶኒ ፓቴራ ያቀረቡት የ«ሞርታር» ስልት ስሙን ያገኘው በድንጋይና በድንጋይ መካከል ከሚገባው ማያያዣ ጭቃ ነው። ሐሳቡም የማይገጣጠሙ ጠርዞችን ነጥብ በነጥብ ከማስገደድ ይልቅ፣ በጠቅላላው ወሰን ላይ ሚዛኑ እንዲጠበቅ ማድረግ ነው።

ለሸክላ ሠሪዋ የተሰጠው መልስ

ወሰኑ ላይ ያለው ሒሳብ ከተዘጋ በኋላ መናገር የሚቻለው ምንድን ነው? ዋናው ነገር በቀላል ስሌትም ይገለጣል። 3 ሚሊ ሜትር ሊጥን ከ20 ወደ 92 ዲግሪ ለማድረስ በካሬ ሜትር 907 ኪሎ ጁል ያህል ያስፈልጋል፤ እንፋሎት ለማድረግ የሚወጣውን ሳንቆጥር። ይህን ሙቀት ሸክላው ካጠራቀመው ብቻ ቢሰጥ፣ 20 ሚሊ ሜትሩ ምጣድ በአማካይ በ25 ዲግሪ፣ 10 ሚሊ ሜትሩ በ50 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። በሌላ በኩል ቀጭኑ ምጣድ ከሽቦው የሚመጣውን ሙቀት ይበልጥ ያሳልፋል፤ መጀመሪያ ለመሞቅም ግማሹ ኃይል ይበቃዋል።

ስለ «መደንገጥ» ግን አንድ ማረሚያ አለ። 200 ዲግሪ የሞቀ ሸክላ 20 ዲግሪ ያለውን ሊጥ በነካበት ቅጽበት፣ መፍላቱን ትተን ብናሰላው፣ ወሰኑ ወደ 102 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። ይህ ቁጥር የሚመጣው ከዚያው ከ1,340ና ከ1,590 ነው፤ ውፍረት በውስጡ የለም። ወፍራሙም ቀጭኑም ምጣድ በመጀመሪያው ቅጽበት እኩል ይደነግጣሉ። የሚለያዩት በመመለስ ነው። ወፍራሙ ከውስጡ ካጠራቀመው እየሰጠ ገጹን ይመልሰዋል፤ ቀጭኑ ሽቦውን ይጠብቃል። ስለዚህ ሁለት እንጀራ ጋግሮ ለሚያቆም ቤት ቀጭን ምጣድ ይቆጥባል፤ ሊጥ በሊጥ ላይ እያከታተለ ለሚሸጥ ጋጋሪ ግን የሽቦው ኃይልና በእንጀራ መካከል የሚሰጠው ፋታ አብረው ካልታሰቡ ቁጠባው በእንጀራው ዓይን ይከፈላል።

ይህን ሄጄ ለሸክላ ሠሪዋ በዝርዝር አስረዳኋቸው። ረዘም ላለ ጊዜ ዝም ብለው ካዳመጡ በኋላ «እንግዲያው ለሁሉም አንድ ምጣድ አይሆንም ማለትህ ነው» አሉ። በትክክል ይህንኑ ማለቴ ነበር። ለገጣጣሚዎቹ ሁለት ዓይነት ለማቅረብና ቀጭኑን በጥቂቱ ጀምሮ ለማየት ወሰኑ። የቅርጽ ማውጫቸውን ሙሉ በሙሉ አልቀየሩም፤ በ5 ሚሊ ሜትር ላይ በተወዛወዘ መስመር ምክንያትም አዲሱን ሐሳብ አልጣሉትም።

ለወደፊት ተመራቂዎች የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። ተከፋፍሎ ማስላት አሳፋሪ ማቋረጫ መንገድ አይደለም፤ የሁለት ሙያዎችን ዕውቀት ሳያፈርስ የሚያገናኝ የተከበረ ስልት ነው። ሆኖም እያንዳንዱ ወገን በራሱ ክልል ውስጥ ያለ እንከን ሠርቶ፣ ድምሩ ሐሰት ሊሆን ይችላል። እውነቱ የሚፈተነው ማንም የእኔ ነው በማይለው ቀጭን ገጽ ላይ ነው። ስለዚህ በተጣመረ ችግር ላይ የሚጻፍ ማንኛውም የመመረቂያ ጽሑፍ ሦስት ነገሮችን በግልጽ ቢያሰፍር መልካም ነው፤ በወሰኑ ላይ ማን ምን እንደተቀበለና ለምን፣ የሁለቱ ወገኖች ንጽጽር በጥናቱ ውስጥ ከየት እስከ የት እንደሚለዋወጥ፣ እንዲሁም በመጨረሻው ዙር ከአንዱ የወጣውና ወደ ሌላው የገባው ምን ያህል እንደሆነ። ሠንጠረዡ ግማሽ ገጽ አይሞላም። ያለ እርሱ ግን አንባቢው ግራፉ ላይ የሚዘለው ሸክላው ይሁን ስሌቱ ሊያውቅ የሚችልበት መንገድ የለም።